የአምቡላንሱ ኤሲና የኔ ሽቦ

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። አንድ ቀን እንኳ ወንበር ላይ ተደላድዬ ተቀምጬ አላውቅም። ባለቤቴ አስካለ «ሰውዬ፣ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ በር ላይ ተገትረህ አታስጨንቀኝ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ቤታችን ከሰቆጣ መናኸሪያ የሚመጣው መንገድ ዳር ስለሆነ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። የዚህኛው ቺንጋ ላልቷል፣ የዚያኛው ዲናሞ ሊሞት ነው፣ ያ ባጃጅ ነገ አይነሳም እያልኩ ብቻዬን አወራለሁ። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

አርባ ሁለት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። ስንት ዓይነት መብራት፣ ስንት ሞተር ማስነሻ፣ ስንት የተቃጠለ ሽቦ እንዳየሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ደግሞም ማንንም አያስደንቅም። ሲያቁነጠንጠኝ የኖረው አንድ ሥራ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት በአንድ አምቡላንስ ኤሲ ላይ የሠራሁት ሥራ አንዲት ወላድ መንገድ ላይ እንድትቀር አደረገ። ልጇ ሞተ። ጥፋቱ ኪሮስ በሚባለው ሾፌር ላይ ተጫነ፤ እሱ ከመሪ ተነሣ፣ እኔ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ ጡረታዬ ድረስ ደረስኩ። ያ ጥፋት ወደ ባለቤቱ ሳይመለስ እሞት ይሆን እያልኩ ነበር በር ላይ የምገተረው።

የተወለድኩት ደሃና ነው። ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገርኩ አደግሁ። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ አልሆነልኝም፤ አጎቴ ኮምቦልቻ ወስዶ ጋሽ ወልዴ ለሚባሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሰጠኝ። ስለ ጋሽ ወልዴ ሳልናገር ስለ ራሴ ጥፋት መናገር አልችልም፤ ጥፋቴ እሳቸው ያስተማሩኝን እያወቅሁ መተዌ ነውና።

ጋሽ ወልዴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ሌላው መካኒክ ሥራ ሲጨርስ ነው እጁን የሚታጠበው፤ እሳቸው ከመጀመራቸውም በፊት ይታጠቡ ነበር። የኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ግን መጀመሪያ የሚያነሡት እሱን አይደለም። መኪና ሲመጣ በቅድሚያ የሚያደርጉት ባለንብረቱን ወይም አለቃውን ማባረር ነበር። ማባረር ስል በክብር ነው፦ «ጌታዬ፣ እስቲ እዚያ ማዶ ሻይ ቤት አረፍ ይበሉ። ሲደርስ አስጠራዎታለሁ።» ሰውየው ከሄደ በኋላ ከሾፌሩ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጡና ሦስት ነገር ይጠይቁታል። ለመጨረሻ ጊዜ በደህና የሠራው መቼ ነው? ሲበላሽ ምን ሰማህ? ከኔ በፊት ማን ነካው? ከጠየቁ በኋላ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታቸው ነበር የሚገርመኝ። ሾፌሩ መጀመሪያ አንድ ነገር ይላል፤ እሳቸው ዝም እንዳሉ ናቸው፤ ከዚያ ሾፌሩ ራሱን ያካል፤ ከዚያ እውነቱ ይመጣል።

አንድ ጊዜ ለምን አለቃውን እንደሚያርቁት ጠየቅኋቸው። «አለቃው ፊት የሚናገረው ሾፌሩ አይደለም፤ ፍርሃቱ ነው» አሉኝ። ያኔ ሳቅሁ። ወጣት ነበርኩ፤ ቴስተር ያለው ሰው ወሬ ምን ያደርግለታል ብዬ አስብ ነበር።

ኤሲ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ሰው «ኤሲዬ ሞተ» ብሎ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ነገር የለም። ሞተሩ እየሠራ የኤሲው ቁልፍ ሲጫን ከኮፈኑ ሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። የኮምፕሬሰሩ ማግኔት በቺንጋ የሚዞረውን ፑሌጃ ሲይዝ የሚሰማ ድምፅ ነው። ጠቅ ካላለ ኮምፕሬሰሩ አልያዘም፤ ካልያዘ ጋዙ አይዞርም፤ ጋዙ ካልዞረ የሚመጣው የሞተር ሙቀት ብቻ ነው። ታዲያ ለምን አልያዘም? ጋሽ ወልዴ ኮፈኑን ከፍተው ጎንበስ ይሉና እኔን ቁልፉን ጫን፣ ልቀቅ፣ ጫን ይሉኛል። ከዚያ ፊውዙን ያያሉ። ከዚያ የጥሩምባውን ሪሌ፣ ኤሌክትሪኩን የምታበራና የምታጠፋውን ትንሽ ሳጥን፣ ነቅለው በኤሲው ሪሌ ቦታ ይሰኩታል፤ ጥሩምባው ይጮህ ከነበረ ሪሌው ደህና ነው፤ እዚያ ተሰክቶም ጠቅ ካላለ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለውን ሶኬት ነቅለው ኤሌክትሪክ መድረስ አለመድረሱን ይለካሉ። ከደረሰና ካልያዘ ማግኔቱ ተቃጥሏል ወይም ማሳው፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው ሽቦ፣ ተበላሽቷል። ካልደረሰ ደግሞ ወደ ኋላ እየተከተሉ ግፊት መለኪያዋ ስዊች ጋ ይደርሳሉ።

እዚህ ላይ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። «ይቺን አክብራት» ይሉኛል፤ አውራ ጣት የምታህል፣ የጋዝ ቱቦ ላይ የተሰካች ዕቃ ናት። «ጋዝ ሲያንስ ኤሌክትሪኩን የምትቆርጠው እሷ ናት። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ አንሶ ኮምፕሬሰሩን በግድ ብታዞረው በደረቁ ይበላላና ነክሶ ይቆማል። ለሙከራ በሽቦ ልታገናኛት ትችላለህ፤ ጠቅ ማለቱን ሰምተህ ወዲያው አንሣ። ሽቦውን ትተህ ኮፈን የዘጋህ ቀን ከኔ ጋር አንተዋወቅም።» አንድ ቀን የሙከራ ሽቦ ሳላነሣ ምሳ ሄድኩ። ስመለስ ሽቦውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝና እስኪመሽ አንድ ቃል አልተነፈሱኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰባት ዓመት ከእሳቸው ጋር ሠርቼ ሰቆጣ ተመለስኩ፤ የመንግሥት መኪኖች በሚጠገኑበት አንድ ጋራዥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር። አንድ አምፖል ለመቀየር ሦስት ሰው ይፈርማል። ይሁን፤ ሥራዬን ስለምወደው ወረቀቱን እየተሳደብኩ ሠራሁ።

ሰቆጣ ላይ ኤሲ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። አገሩ ደጋ ነው፤ ሰዉ ደግሞ ንፋስ ይፈራል። በሚኒባስ ስንሄድ አንድ ተሳፋሪ መስኮት በሁለት ጣት ከከፈተ ከኋላ አምስት ሰው ይጮህበታል፤ ብርድ መታኝ፣ ጆሮዬ ገባ፣ ልጅ ታቅፌያለሁ ይባላል። የመንግሥት ሾፌሮቻችንም ከዚሁ ሕዝብ የወጡ ናቸው። የኤሲውን ንፋስ መውጫ በጨርቅ የወተፈ አይቻለሁ። ጉም ባለበት መንገድ መስታወቱ ሲደፈንበት ኤሲውን ቢጫን ባንዴ የሚጠራውን፣ ሾፌሩ በክንዱ እየጠረገ፣ አንገቱን እያሰገገ ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጬ አንጀቴ አርሯል። «ጫነው እንጂ!» ስለው «ተወኝ ወንድሜ፣ ደረቴን ያመኛል» አለኝ።

ጉዳቱ ደረት ላይ አይደለም። ኤሲ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ከተቀመጠ የኮምፕሬሰሩ ጎማ ይደርቃል፤ ጋዙ በዚያ በኩል ቀስ እያለ ያልቃል። ከዚያ መኪናው አንድ ቀን ወደ ቆላ ይታዘዛል፤ ሾፌሩ ላብ ሲያጠምቀው ቁልፉን ይጫናል፤ ጠቅ የሚል ነገር የለም። ይህንን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። እንዲህ እያወቅሁ ነው ያጠፋሁት።

አምቡላንሱ የመጣው በሚያዝያ ሙቀት ነው። በሰሃላ በኩል ወደ ቆላው እየወረደ ወላዶችንና ሕመምተኞችን ሰቆጣ የሚያመጣ መኪና ነበር። ሾፌሩ ኪሮስ ነው፤ ዝምተኛ፣ መኪናውን እንደ በቅሎ የሚያሻሽ ሰው። ከኋላ ያለው ሙቀት ሕመምተኛውን ሊገድል ነው፣ ኤሲው ይሠራ ተብሎ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። ከኪሮስ ጋር የሱ አለቃና የኔ አለቃ አብረው መጡና ራሴ ላይ ቆሙ።

«ዛሬውኑ ይውጣ» አለ የኔ አለቃ። «ዛሬ ነው የምልህ፣ ዝናቡ።»

የጋሽ ወልዴ ደንብ ትዝ አላለኝም ማለት ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል። ግን ሁለት ኃላፊዎችን ሻይ ቤት ሂዱ ማለት ከበደኝ። ደግሞም በሰው ፊት ሥራ ማሳየት እወድ ነበር። እዚያው እንደቆምን ኪሮስን ጠየቅሁት።

«በደህና የበረደው መቼ ነው?»

ኪሮስ አለቃውን አየ። «እስከ ትናንት ይሠራ ነበር» አለ።

ቁልፉን አስጫንኩ፤ ጠቅ የለም። ፊውዙ ደህና፣ ሪሌው ደህና፣ ማግኔቱ ደህና። ኤሌክትሪኩ የሚቆመው ግፊት መለኪያዋ ጋ ነው። አሁን ጋዙን መለካት ነበረብኝ፤ የጋዝ መለኪያችን ግን ተሰብሮ ወልድያ ለጥገና ሄዷል። በራሴ ሒሳብ አሰላሁ፦ እስከ ትናንት ከበረደ ጋዝ በአንድ ሌሊት አያልቅም፤ ስለዚህ ጋዙ አለ፤ የተበላሸችው ስዊቿ ራሷ ናት። ሒሳቡ ልክ ነው። የተነሣበት ቃል ግን ፈርቶ የተናገረ ሰው ቃል ነበር።

ሁለት ጣት የምታህል ሽቦ ቆርጬ ሶኬቷን አገናኘሁ። ጠቅ! ኮምፕሬሰሩ ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ቀዝቀዝ ያለ ንፋስ መጣ፤ ጋዙ አንሶ እንጂ ጨርሶ አላለቀም ነበርና። አለቆቹ እጃቸውን መውጫው ላይ እየዘረጉ ሳቁ። የኔ አለቃ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ሽቦዋን በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬ፣ ከሌሎቹ ሽቦዎች ጋር አመሳስዬ ኮፈኑን ዘጋሁ። ለኪሮስ አንድ ቃል አልነገርኩትም። «ድምፅ ከሰማህ አጥፋው» ብለው በቂ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በፊት ስልኬ ጮኸ። ኪሮስ ነው።

«ጋሽ ዝናቡ፣ ከፊት በኩል አንድ ነገር ጮኸና ጭስ ጭስ አለ። ቺንጋው ተበጠሰ። ሞተሩ ፈልቷል። ዳገቱ መሀል ነኝ።»

«አቁመው፣ አትንካው። እስኪበርድ ጠብቅ።»

«ሴት ይዣለሁ» አለ። «ምጥ ላይ ናት።»

ምን እንደሆነ ሳላየው አወቅሁት፤ ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ዞሮ ዞሮ ነክሷል፣ ቺንጋውን ቀጥ አድርጎ ይዞ አቃጥሎታል። በዚያ መኪና ላይ ውኃ ፓምፑንም ዲናሞውንም የሚያዞረው ያው አንዱ ቺንጋ ነው። የጋራዡን ፒካፕ ይዤ ወረድኩ። መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ብፈጥን መንገዱ አላስኬድ አለኝ፣ ቀስ ብል ልቤ አልቻለም።

ስደርስ ሰዎች በቃሬዛ ትንሽ መንገድ አምጥተዋት ግራር ሥር አሳርፈዋታል። ጋቢ ዘርግተው ከልለዋታል። አብራ የነበረችው ጤና ባለሙያ ከጋቢው ጀርባ ወጥታ፣ ላብዋን በክንዷ እየጠረገች «ኦፕራሲዮን ነበር የሚያስፈልጋት። ሁለት ሰዓት ቀድመን ብንደርስ ኖሮ…» አለችኝና ተወችው። ልጁ በነጠላ ተጠቅልሎ አንዲት አሮጊት ጭን ላይ ነበር። አሮጊቷ በአገውኛ ንፋስ፣ ንፋስ እያሉ ያለቅሱ ነበር፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አላስተዋልኩም። እናቲቱን ሰቆጣ አደረስናት፤ እሷ ተረፈች። ለምለም ትባላለች።

አሁን ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልናገር። አምቡላንሱ ተጎትቶ ጋራዥ በገባ ማግሥት፣ አጣሪ ኮሚቴው ሳይመጣ፣ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ኮፈኑን ከፍቼ ፕላስተሩን ላጥኩና ሽቦዋን አወጣሁ። ሶኬቱን ወደ ቦታው መለስኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ የባለሙያ አስተያየት ጻፍኩ፦ ኮምፕሬሰሩ በእርጅና ነክሷል፤ ሾፌሩ የሞተሩን ሙቀት መለኪያ ተከታትሎ በጊዜ ማቆም ነበረበት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም ነበር። የጻፍኩት ራሴን ከመሀል ለማውጣት ነው።

ኪሮስ ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ ሳይከራከር ፈረመ። ከመሪ ተነሥቶ የጋራዣችን ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆነ። ያን ጊዜ ሞኝ ነው ብዬ ናቅሁት፤ ሰው የበደለውን ሰው ካልናቀ መተኛት አይችልምና። ከዚያ በኋላ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ጋሽ ዝናቡ፣ እንደምን አደሩ» ይለኛል። እኔ ዞሬ በጀርባ በር መግባት ጀመርኩ። የጤና ባለሙያዋ «ብንደርስ ኖሮ» አለች እንጂ «በእርግጥ ይተርፍ ነበር» አላለችም እያልኩ በዚያች ቀዳዳ ሰባት ዓመት ተሸሸግሁ።

ጡረታ ወጣሁ። አሁን አዲሶቹ መኪኖች በኮምፒውተር ነው የሚመረመሩት፤ የኔ ጆሮ አያስፈልጋቸውም። ሆኖም ባለፈው ወር አንድ የሚኒባስ ባለንብረት ሾፌሩን አስከትሎ ቤቴ ድረስ መጣ። ወልድያ ሁለት ጊዜ አሳይቶት ኤሲው አልሠራ ብሏል። አስካለ በመስኮት ታየኛለች፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ባለንብረቱን «አስካለ ሻይ ታፈላለች፤ ግባ አረፍ በል» አልኩት። ከሾፌሩ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና ሦስቱን ጥያቄ ጠየቅሁት። ዝም አልኩ።

ሾፌሩ ራሱን አከከ። ወደ በሩ ተመለከተ። ከዚያ ተነሥቶ በሚኒባሱ መቀመጫ ሥር እጁን ሰዶ የኤሲውን ሪሌ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እኔ ነኝ የነቀልኩት» አለኝ። «ወጣቱ ክፈት ይላል፣ እናቶች ዝጋ ይላሉ። በየቀኑ ጠብ ነው። ተበላሽቷል ስላቸው ሁሉም ዝም አሉ።»

እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሪሌዋን ሰካሁ፤ ጠቅ አለ።

«ለባለቤቱ እንዳይነግሩብኝ ጋሼ» አለ። «እሱ እዚህ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ቢገድሉኝም አልናገርም ነበር።»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። ኪሮስ አለቃውን ያየበት አስተያየት ፊቴ ድቅን አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚያ «እስከ ትናንት» አስቤ አላውቅም ነበር፤ ስለ ሽቦዋ ብቻ ነበር የማስበው። ባለንብረቱን ሪሌ ላልቶ ነው ብዬ ሸኘሁት፤ በማግሥቱ ጠዋት ኪሮስ ቤት ሄድኩ።

ኪሮስ ግቢው ውስጥ የአጥር እንጨት ይጠርብ ነበር። ሲያየኝ ደነገጠና መጥረቢያውን ጥሎ መቀመጫ ሊያመጣ ሮጠ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት። ሽቦዋን፣ ፕላስተሩን፣ በማግሥቱ ማውጣቴን፣ ወረቀቱን። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን እንደማያውቀኝ ሰው አየኝ።

«መኪናው ነው እንዴ?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ልጁን… መኪናው መቆሙ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ምን ይሆናል?»

መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔ ንፋሱ ነው ብዬ ነው የኖርኩት» አለ። «እዚያ ዳገት ላይ ሙቀቱ ሲበዛባት ለምለም ‹ንፋሱን ክፈቱልኝ› አለች። አማቷ ‹ተዪ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት ብርድ አይገባባትም› እያሉ ይጮሃሉ። እኔ አዘንኩላትና ከፈትኩት። በዚህ ጣቴ ነው የጫንኩት። ልጁ ሲሞት አሮጊቷ ‹ንፋሱ ገደለው› አሉ። ኮሚቴው ወረቀት ሲያመጣልኝ እግዜር ፍርዱን ሰጠ ብዬ ፈረምኩ።»

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ቀጠለ። «እንደው የዚያን ቀኑን እውነት ልንገርዎት። እስከ ትናንት ይሠራል ያልኩት ውሸት ነው። ዓመት ሙሉ ነክቼው አላውቅም፤ ደረቴን ስለምፈራ። በየወሩ የመኪና መፈተሻ ቅጽ ላይ ግን ‹ይሠራል› እያልኩ ፈርሜያለሁ። አለቃዬ ፊት ምን ልበል?»

ሁለታችንም አለቀስን፤ ሁለት ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ። ቀለል ያለኝ መስሎኝ ልነሣ ስል ኪሮስ እጄን ያዘኝ።

«ለምለምንስ?» አለኝ። «አማቷ ዛሬም ‹በንፋስ ልጅሽን የበላሽ› ይሏታል። የከፈትኩት እኔ፣ ያስከፈተችው እሷ እየተባለ ነው የሚወራው። ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ትስባለች።»

ሰባት ዓመት ስለ ሾፌሩ ስጨነቅ፣ ጥፋቴ የወደቀባት ሌላ ሰው እንዳለች አላሰብኩም ነበር። በሳምንቱ ኪሮስና እኔ እስከ መንገዱ መጨረሻ በመኪና፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። እግሬ ደከመ፤ እንመለስ የሚል ሐሳብ ሦስት ጊዜ መጣብኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ኪሮስ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

ለምለም ደጅ ላይ ማሽላ ታበጥራለች። ኪሮስን ስታይ ሰፌዱን አስቀመጠች። አማቷ እማማ ትርንጎ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ለምለም እንግዳ ነውና አጎዛ አነጠፈችልን፣ ውኃ ሰጠችን። ውኃውን ይዤ ሳልጠጣ ጀመርኩ።

በአማርኛ ነው የነገርኳት። ብልሽት ነበር፣ ግፊት መለኪያ ስዊች ነበረች፣ በጊዜያዊነት ተገናኝቶ ነበር፣ ኮምፕሬሰሩ ነከሰ አልኩ። ኪሮስ ክርኑን ጎኔ ላይ አሳረፈ። እንደገና ጀመርኩ፦ «መኪናውን ያቆመው የኔ ሥራ ነው። አጠፋሁ፤ ከዚያም ደበቅሁ። መኪናው ባይቆም በጊዜ ትደርሺ ነበር። ንፋሱ ምንም አላደረገም። አንቺም ምንም አላጠፋሽም።»

ሰፌዱ ላይ ያለውን ማሽላ በእጇ ሰበሰበች።

«ሰባት ዓመት የት ነበራችሁ?» አለች።

ውኃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ኪሮስም አንገቱን ደፋ።

«ከዚያ ወዲያ ሁለት ወልጃለሁ» አለች። «ሁለቱንም በር ዘግተው፣ መስኮት ወትፈው ነው ያስወለዱኝ። በበጋ። ‹ይቺ ንፋስ ትወዳለች› እያሉ። ልጆቼ ባስነጠሱ ቁጥር እኔ ነኝ የምታየው። ባሌ እንኳ ሲቆጣ እሱን ነው የሚያነሣብኝ። እኔም አምኜዋለሁ። ክፈቱልኝ ያልኩበትን አፌን ስረግም ነው የኖርኩት።»

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«እሱን አላውቅም» አለች። «ገና ነው። አሁን ግን የነገርከኝን ለሳቸው ንገርልኝ። አማርኛ ብዙ አይሰሙም። በሚሰሙት ንገራቸው።»

ተነሥቼ እማማ ትርንጎ ፊት በርከክ አልኩ። ከአጥሩ ማዶ ሁለት ጎረቤቶች ቆመው ይሰማሉ፤ ድምፄን ልቀንስ ብዬ ተውኩት። እናቴ ካረፈች ወዲህ አገውኛ እንዲህ ለረጅም ነገር ተናግሬበት አላውቅም። ስለ ስዊች፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ኮምፕሬሰር የምናገርበት ቃል በአገውኛ የለኝም፤ ከነዚያ ቃላት በስተጀርባ መደበቅ አልቻልኩም። ያለኝ ልጅ ሆኜ ጥፋቴን ለእናቴ የምናገርበት ቋንቋ ብቻ ነው። «እናቴ፣ የልጅ ልጅዎን የገደለው ንፋስ አይደለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። መኪናውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላደረገችም።»

አልሰሙም መሰለኝና ደገምኩት። እማማ ትርንጎ እኔን አላዩኝም። ፊታቸውን ቀስ ብለው ምራታቸው ወደቆመችበት አዞሩ፤ እጃቸውንም ወደ እሷ ዘረጉ። ለምለም ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።